ሲዞር የሚንኳኳ ጎማ፦ የአሮጌ ሱባሩ ሴሚያስ እንዴት ይለወጣል?

ባለፈው ዓመት የስግድ በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአጎቴ ሱባሩ መንኳኳት ጀመረች። ቀጥ ብላ ስትሄድ ደህና ናት። መሪው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጣት ግን ከፊት ጎማ በኩል «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መኪናዋ በ1983 የተሠራች ሊዮኔ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። በየዓመቱ አያቴን ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም የምታደርሳት እሷ ናት።

ሙሳክ ወሰድናት። አጎቴ ዕብራይስጥ ስለሚከብዳቸው እንደ ልማዳችን አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። «ሴሚያሱ ነው፤ የውጭኛው ጫፍ አልቋል በይው» አሉኝ። ሴሚያስ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። መጠየቁን አፈርሁና ለመካኒኩ «ሲዞር ድምፅ አለው ይላሉ» ብቻ ብዬ አለፍኩት። እሱም የጎማውን ኩሽኔታ ለወጠ። ሒሳቡ የተከፈለው ከሚልጋዬ ነው። ከሙሳኩ ወጥተን የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስንይዝ ድምፁ እንዳለ ነበር። አጎቴ አልተቆጡም። «ነግሬሽ ነበር እኮ» ብቻ አሉኝ።

አጎቴ ወደ እስራኤል ከመምጣታቸው በፊት ጎንደር ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። እዚህ ሲደርሱ ወረቀት ስላልነበራቸው ስለ ሙያቸው የጠየቃቸው የለም። ፋብሪካ ገቡ፤ ጡረታም የወጡት ከዚያው ነው። ሴሚያሱን በግቢያችን ራሳችን ለወጥነው። እሳቸው ያስተምራሉ፣ እኔ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ በደብተሬ እጽፋለሁ። የሚከተለው ትምህርት ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱ

የአባቶቻችን የጋራዥ ቋንቋ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ የመኪና ነገር የምናውቀው በዕብራይስጥ ስለሆነ ስለ አንድ ዕቃ እያወራን ሳንግባባ እንቀራለን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉን ቃላት ጥቂት ናቸው።

ሴሚያስ፦ ከካምቢዮ ተነስቶ የሞተሩን ኃይል ወደ አንድ ጎማ የሚያደርስ ዘንግ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ «ግማሽ አክስል» ማለት ነው። በሙሳክ ዕብራይስጥ ጺሪያ ይባላል።

ክሮቼራ፦ ሁለት ዘንጎችን የሚያገናኝ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ መገጣጠሚያ ነው። በጭነት መኪናዎች ረጅም የመሐል ዘንግ ላይ ታገኙታላችሁ።

ኩሽኔታ፦ ጎማው ያለ ፍትጊያ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት ነው።

ክሪክ፦ መኪና ማንሻ፤ እዚህ ጄክ የምንለው።

ዳዶና ሮንዴላ፦ ዳዶ ብሎን ላይ የሚጠብቀው ነው፤ ሮንዴላ ከዳዶው ሥር የሚገባው ቀለበት ነው።

ሴሚያሱ ለምን መገጣጠሚያ አስፈለገው?

አጎቴ ማስረዳት የጀመሩት ጎንደር ይሠሩበት ከነበረው የፊያት ጭነት መኪና ነው። በዚያ መኪና ሞተሩ ፊት ነው፣ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ በክሮቼራ ይታጠፋል። ክሮቼራ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው። ዘንጉ በታጠፈ ቁጥር የሚወጣው ፍጥነት እኩል አይሆንም። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በጭነት መኪናው ላይ ሁለት ክሮቼራዎች ፊትና ኋላ በእኩል ማዕዘን ስለሚቀመጡ የአንዱን መዛባት ሌላው ያስተካክለዋል።

ሊዮኔ ግን የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ነው። የፊት ጎማ ኃይል መቀበል ብቻ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞርም፣ በጉድጓድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስም አለበት። መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ማዕዘኑ በጣም ይሰፋል። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ክሮቼራ ብቻ ቢገባ መሪው በእጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መፍትሔው በ1920ዎቹ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ የሠራው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው። ውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ። ኳሶቹ በውስጠኛውና በውጭኛው ብረት ላይ በተቀረጹ ቦዮች ውስጥ ይንከባለላሉ፤ በመሐል ያለ ቀለበት ደግሞ ሁልጊዜ የማዕዘኑ እኩሌታ ላይ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ዘንጉ የቱንም ያህል ቢታጠፍ የሚገባውና የሚወጣው ፍጥነት አንድ ነው። በ1959 የወጣችው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ሚኒ ይህን መገጣጠሚያ ከተጠቀሙ በኋላ የፊት ጎማ ጉተታ በትናንሽ መኪናዎች ላይ እየተለመደ መጣ።

በሊዮኔ ሴሚያስ ላይ መገጣጠሚያዎቹ ሁለት ናቸው። በጎማ በኩል ያለው የውጭኛው ሲሆን በብዛት የሚታጠፈው እሱ ነው። በካምቢዮ በኩል ያለው የውስጠኛው ብዙ አይታጠፍም፤ ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል ግን ዘንጉ እንዲረዝምና እንዲያጥር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ሁለቱም በግሪስ ተሞልተው እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ የጎማ ሽፋን ይታሸጋሉ።

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ብረቱ በራሱ ቶሎ አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀደደው ሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ከተቀደደ ግሪሱ እየተሽከረከረ ይረጫል፣ በምትኩ አሸዋና ውኃ ይገባል። ከዚያ በኋላ ኳሶቹ የሚንከባለሉት በአሸዋ ላይ ነው። ርካሹን ሽፋን በጊዜው ያላየ ሰው ውዱን ሴሚያስ ይገዛል።

ድምፁን መለየት

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አዳምጡ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ፤ መስኮቱን ክፈቱ፤ ሬዲዮ አጥፉ።

መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዛችሁ ቀስ ብላችሁ ነዳጅ ስትሰጡ «ቀጭ ቀጭ» ካለና ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ቶሎ ቶሎ ከመጣ የውጭኛው መገጣጠሚያ ነው።

ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ስትሰጡ መኪናው ከተንቀጠቀጠና እግራችሁን ስታነሱ ከተወው፣ ወይም ወደፊትና ወደኋላ ማርሽ ስትቀያይሩ አንድ ጊዜ «ጓ» ካለ የውስጠኛውን ጠርጥሩ።

የሚያጓራ ድምፅ ከሆነና መሪው ቀጥ ብሎም ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። እኛ ሙሳክ ስንሄድ ይህን ልዩነት በዕብራይስጥ መናገር ብችል ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ባልመጣ ነበር።

በመጨረሻም ጎማውን ጠምዝዛችሁ ከኋላው በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ካያችሁ ሽፋኑ ተቀድዷል። በኛ መኪና ላይ የቀኙ ሽፋን ዙሪያውን ተሰንጥቆ ነበር።

ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ሽፋኑ ተቀዶ ድምፅ ገና ካልተሰማ አሮጌውን ሴሚያስ ለመጣል አትቸኩሉ። አውጥታችሁ፣ አሮጌውን ግሪስ ሙሉ በሙሉ አጥባችሁ፣ ኳሶቹንና ቦዮቹን በጣታችሁና በብርሃን መርምሩ። ለስላሳና የሚያብረቀርቁ ከሆኑ ሞሊብዲነም ያለበት ለዚሁ የተሠራ ግሪስ ሞልታችሁ በአዲስ ሽፋን አሽጓቸው። ብረቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው፣ ቦዩ ላይ በጥፍር የሚታወቅ ደረጃ ካለ ወይም በሙቀት ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ግሪስ አያድነውም። ቀጭ ማለት ከጀመረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጊዜው አልፏል፤ ሙሉ ሴሚያሱን ለውጡ። ችላ ቢባል አንድ ቀን በመንገድ ላይ ይሰበራል። አንዱ ሴሚያስ ሲሰበር ሞተሩ ቢጮህም መኪናው አይሄድም፤ ማርሽ ውስጥ ቢገባም ቁልቁለት ላይ ሊይዘው አይችልም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

ክሪኩን ከማስገባቴ በፊት የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና «ተዘጋጅቷል» አልኩ። አጎቴ እጄን ያዙኝ። «የዚች መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የትኛውን ጎማ ነው?»

የኋላውን ነው ብዬ መለስኩ። ተሳስቻለሁ። የዚች ሊዮኔ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የፊት ጎማዎችን ነው። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም የሚይዘው ያንኑ የፊቱን ነው። ፊቷን ካነሳናት መሬት ላይ የሚቀሩትን የኋላ ጎማዎች የሚይዝ ምንም ነገር የለም ማለት ነው። መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ተንከባልላ ትወርዳለች፣ ከሥር ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቦታው ሜዳ ይሁን። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በጠንካራ እንጨት ወይም በድንጋይ አግዱ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ የብረት ማቆሚያ ይግባበት። የተፈታውን ጎማም በመኪናው ጎን ሥር አስተኙት፤ ማቆሚያው ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል።

አሠራሩ፣ በቅደም ተከተል

1. መኪናው መሬት ላይ እያለ ጎማው መሐል ያለውን ትልቅ ዳዶ አላሉት። በመጀመሪያ ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደውን የታጠፈ ሽቦ አውጡ። ዳዶው 36 ቁጥር ሲሆን ረጅም እጀታ ይፈልጋል። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን ይርገጥ።

2. መኪናውን አንስታችሁ ማቆሚያ ላይ አስቀምጡ፤ ጎማውን ፍቱ። ዳዶውን ስታወጡ ከሥሩ ያለው ሮንዴላ በየትኛው ፊቱ እንደገባ እዩ። እንደ ሰሐን የጎበጠ ነው፤ ያበጠው ፊቱ ወደ ውጭ ነው። ፎቶ አንሱ።

3. የእጅ ፍሬኑን ልቀቁና ገመዱን ከፍሬኑ አላቁ። የፍሬኑ ቱቦ የሚወጠር ከሆነ የፍሬኑን አካል ፍቱትና በሽቦ አንጠልጥሉት። በቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት።

4. ማርሹን ነጻ አድርጉ፤ ሴሚያሱን በእጅ እያዞራችሁ በካምቢዮ በኩል የውስጠኛውን ጫፍ ሰንጥቆ የሚያልፈውን ስፒና ፈልጉ። ይህች ትንሽ፣ ውስጧ ክፍት የሆነች የብረት ሚስማር ናት። 5 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ መምቻ ብረት ታወጣላችሁ። ሚስማር አትጠቀሙ፤ ይጣመምና ውስጥ ይቀራል። የቀዳዳው አንዱ አፍ ሰፋ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ አዲሷ ስፒና የምትገባው በዚያ በኩል ነው።

5. የታችኛውን የጎማ ክንድ ከመኪናው አካል ጋር የያዘውን ብሎን ፍቱ። አሁን የጎማው ቤት ወደ ውጭ ስለሚወዛወዝ ሴሚያሱን ከካምቢዮው ጉጥ ላይ ማንሸራተት ይቻላል። ጉጡ ካምቢዮው ውስጥ ስለሚቀር ዘይት አይፈስም።

6. የውጭኛውን ጫፍ ከጎማው ቤት አውጡ። ቦታው ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየ ሊጣበቅ ይችላል። ዳዶውን መልሳችሁ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል አድርጉት፣ እንጨት ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱ። እንቢ ካለ በሚጎትት መሣሪያ አውጡት። በመዶሻ መቀጥቀጥ ኩሽኔታውን ይገድለዋል።

እኛ ዓርብ ጠዋት ጀምረን እዚህ ደረጃ ላይ ተጣበቀብን። ቀትር አለፈ። እኔ ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። አጎቴ «አስቀምጪው» አሉኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሰንበት ይግባ፤ እሑድ እናወጣዋለን።» ቅባት የሚያስለቅቅ ዘይት ነፋንበት፤ ጎማውን ከመኪናዋ ሥር አስተኝተን፣ ልጆች እንዳይጠጉ ዙሪያውን በገመድ አጥረን ገባን። እሑድ ጠዋት ጎረቤት መጎተቻ አዋሰን፤ ሁለት ዙር ሳይሞላ ወጣ።

7. አሮጌውን ሴሚያስ ይዛችሁ ዕቃ መሸጫ ሂዱ። ከአዲሱ ጋር አጋድማችሁ ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና የሁለቱን ጫፎች ጥርስ ብዛት አመሳስሉ። በአራት ጎማ የምትጎተተው ሊዮኔና በሁለት የምትጎተተው፣ ቱርቦ ያላትና የሌላት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሴሚያስ አይጠቀሙም። ለኛ መጀመሪያ የቀረበልን ጥርሱ የማይገጥም ነበር።

8. ጥርሶቹን አጽዱና ስስ ግሪስ ቀቡ። የውጭኛውን ጫፍ በጎማው ቤት ውስጥ አሳልፉና በዳዶው እየሳባችሁ ወደ ቦታው አምጡት። የውስጠኛውን በካምቢዮው ጉጥ ላይ አንሸራቱ። የስፒናው ቀዳዳዎች ግማሽ ጥርስ ያህል ከተሳሳቱ በኃይል አትምቱ፤ ሴሚያሱን አውጥታችሁ ግማሽ ዙር አዙሩትና መልሱት። ቀዳዳዎቹ የሚገጥሙት በአንድ በኩል ብቻ ነው። አሮጌዋን ስፒና አትመልሱ፤ አዲስ አስገቡ።

9. የታችኛውን ክንድ፣ ፍሬኑንና የእጅ ፍሬን ገመዱን መልሱ። የክንዱን ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ የምታጠብቁት መኪናው በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ውስጡ ያለው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል።

10. መኪናውን አውርዳችሁ ትልቁን ዳዶ በልክ መፍቻ አጥብቁ። ለዚች መኪና 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የራሳችሁን መኪና መመሪያ መጽሐፍ ግን አስቀድሙ። የማገጃ ሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አታላሉት። ሽቦው አዲስ ይሁን።

11. ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እግራችሁ ሥር ጠንከር እስኪል ድረስ። ከዚያ በግቢ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ወደ ሁለቱም ጎን አዙሯት። ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊትም ፈቃድ ያለው ሙሳክ አንድ ጊዜ ይይላችሁ። ብቻችሁን የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ አትሞክሩት፤ የሠራ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ስለ መኪናዋ፣ ስለ አስተርጓሚዋም

ለምን ይህን ያህል ለአንዲት አሮጌ መኪና? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የዓረብ አገሮች ማዕቀብ ሌሎቹን የጃፓን አምራቾች ከእስራኤል ገበያ ባራቀበት ዘመን በዚህ አገር መንገድ ላይ በብዛት የምትታየው የጃፓን መኪና ሱባሩ ነበረች። በ1980ዎቹ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ መኪና ሆነች። ዛሬ ከተሠራ 30 ዓመት የሞላው መኪና በሰብሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል። ለአጎቴ ግን የሰብሳቢ ዕቃ አይደለችም። በዚህ አገር በስማቸው የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ንብረታቸው ናት።

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን ስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲያስተረጉሙ ስለሚፈጠረው የሚና መገለባበጥ እንማራለን። ፈተናውን ጥሩ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሙሳክ ውስጥ ግን የተማርኩትን ረሳሁ። አጎቴ ትክክለኛውን ምርመራ በአንድ ቃል ነግረውኝ ነበር፤ ቃሉን ስላላወቅሁት የሚያውቁ አልመሰለኝም። እሳቸው ያወቁት ነገር እኔ ጋ ደርሶ ቀረ።

እንዲህ ያለ ነገር የጠፋው ከመኪና ሲሆን ኩሽኔታ ያስከፍላል። በኩፓት ሆሊም ወይም በቢቱዋሕ ሌዑሚ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰብ ሳስተረጉም የማላውቀው ቃል ከመጣ ቆም ብዬ «ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» እላለሁ። ሐኪሙ ወይም ጸሐፊዋ ትንሽ ትጠብቅ።

ለስግድ አያቴን ይዘን ወደ ኢየሩሳሌም ወጣን። አቀበቱ ላይ አጎቴ መስኮቱን ከፍተው በእያንዳንዱ መታጠፊያ ጆሯቸውን ወደ ውጭ ሰጡ። ምንም አልሰሙም። አያቴ «ብርድ ገባ፣ ዝጋው እንጂ» አለቻቸው፤ ዘጉት።

ክረምቱ ሳይገባ የየቤታችሁን መኪና መሪ እስከ ጥግ ጠምዝዛችሁ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ በባትሪ ብርሃን እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስታዩም አባትን፣ አጎትን ወይም የጎረቤት ሽማግሌን ጥሩ፤ የዕቃውን ስም በአማርኛ ጠይቋቸው፣ የነገሯችሁንም ጻፉት።